ለጅማ ታሪክና ቅርስ ኃላፊዎች፦ አባትየው ሲሞቱ ምን እንደተደረገም ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርቱ። ይሄን ደብዳቤ ምጽፈው ጅማ ላይ ታሪክ፣ ቅርስ፣ ሙዚየም፣ ትምህርት ይመለከተኛል ለምትሉ ኃላፊዎች በሙሉ ነው፣ በዛውም ለከተማው ሰው። በማመልከቻ መልክ ላስገባው አስቤ ነበር ግን ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ አይደለም፣ የመምህራኑም ነው፣ የጋይዶቹም ነው፣ ጅረን ቤተ መንግሥት ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ሁሉ ጉዳይ ነው፣ ስለዚ ሁላችሁም አንብቡት ብዬ በግልጽ አደረኩት። ባጭሩ የምለው ይሄ ነው፣ የጅማ ንጉሥ ሲሞት ስልጣኑ ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደተላለፈም ይነገረን።

ስራዬ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን ምናምን ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን ሱቄ ትምህርት ቤት አጠገብ ስለሆነ የዚህ ከተማ ልጆች ስለ ከተማቸው ምን እንደሚጽፉ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም የሚተይበው እኔ ነኝ። ግሩፕ አሳይመንት ይዘው ይመጣሉ፣ ግማሹ በእጅ የተጻፈ፣ ግማሹ የስልክ ስክሪንሾት። ርዕሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ አባ ጅፋር። ይዘቱን አይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ፦ ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ለ54 ዓመት ገዙ፣ ቁመታቸው በጣም ረጅም ነበር፣ ሀብታም ነበሩ፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅረን ኮረብታ ላይ ነው፣ ከአፄ ምኒልክ ጋር በሰላም ተስማሙ፣ አረፉ። አለቀ። ከቨር ፔጅ፣ የግሩፕ አባላት ስም፣ ስቴፕል፣ ሂሳብ።

ባለፈው አንዷ ልጅ ወረቀቱን ጮክ ብላ እያነበበችልኝ እኔ ስተይብ መሀል ላይ ቀጥ አለች። «ቆይ ግን ሲነግስ 17 ዓመቱ ነበር እንዴ? ከኔ እኩል? ማነው ንገስ ያለው?» ጓደኞቿ «ተይው ባክሽ፣ ፕሪንት ይውጣና እንሂድ» አሏት። አንድ ሀጂ የቤት ካርታ ኮፒ ሊያስደርጉ ቆመው ነበር፣ ፈገግ ብለው «ስለ እናትየውስ ለምን አትጽፉም?» አሉና ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ። ልጅቷ መልሱን ሳታገኝ ወረቀቱ ታተመ።

እኔ ደሞ ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጅረን ድረስ በባጃጅ ወጥተን፣ ያንን የእንጨት ሰገነት አይተን፣ መስጊዱን አይተን፣ ፎቶ ተነስተን ስንወርድ የምናውቀው ማን እንደገዛ ብቻ ነው። ስልጣኑ ከማን እጅ እንዴት እንደወጣ፣ ማን እጅ እንዴት እንደገባ አናውቅም። ታሪካችን ሁሉ እንደዚ ነው የሚነገረው፣ አንዱ ሞተ፣ ሌላው ነገሰ። ሞተ እና ነገሰ መሀል ያለው ነገር አንዲት ነጠላ ሰረዝ ናት፣ ግን እኮ ሀገር የሚድነውም የሚፈርሰውም እዛች ሰረዝ ላይ ነው።

እስኪ ከስሩ ልነሳ። ጅማ ላይ ንጉሥ ሳይኖር በፊት ገዳ ነበር። በገዳ ስልጣን በየ8 ዓመቱ ይዞራል፣ ተራው የደረሰው ይረከባል፣ የጨረሰው ያስረክባል፣ የማንንም ሞት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም። ይሄ ስርዓት በ2009 ዓ.ም ዩኔስኮ የመዘገበው ስርዓት ነው፣ ያኔ ሁላችንም ደስ ብሎን ጨፍረናል። ግን እዚሁ ጊቤ አካባቢ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ገዳን ወደ ጎን ያደረጉ ሰዎች እንደነበሩ ስንቶቻችን ነን የምናውቀው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጦር መሪዎቹ እየበረቱ መጡ፣ የቅፍለቱ ንግድ ደሞ ገንዘብ እያመጣ ነበር፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ (የባሪያ ንግዱም፣ እሱን ዘለን አንሂድ) እና ስልጣን የያዘው ሰው 8 ዓመቱ ሲሞላ አላስረክብም አለ። ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ጅማ፣ አምስቱም እንደዚህ መንግሥት ሆኑ። ከዛ በኋላ ስልጣን የሚለቀቅበት መንገድ ሁለት ብቻ ሆነ፣ መሞት ወይም መገልበጥ።

የጅማን ብንወስድ፣ በፈረንጆቹ 1830 አካባቢ አንድ አድርገው የነገሱት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው፣ 25 ዓመት ቆይተው በ1855 ሲያልፉ ልጃቸው አባ ረቡ ያዙ። እሳቸው 4 ዓመት ነው የቆዩት፣ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር ሲዋጉ ሞቱ። አሁን ነው ወሬው፣ ቀጥሎ ልጅ ሳይሆን አጎት ነው የመጣው፣ የቀዳማዊ አባ ጅፋር ወንድም አባ ቦቃ። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዙፋኑ ወደ አባ ጎሞል ሄደ፣ አባ ጎሞል ደሞ የአባ ቦቃ ልጅ ናቸው። አያችሁ፣ ዙፋኑ ከወንድም ቤት ወደ ወንድም ቤት ዞረ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ግን ሁሌ «ዳግማዊ አባ ጅፋር የቀዳማዊ አባ ጅፋር የልጅ ልጅ ናቸው» ብለው ነው ሚያስተይቡኝ፣ ስሙ ስለተመሳሰለ በቃ እሱ ነው ብለው። እኔም የሰጡኝን እተይባለሁ፣ ምን ላርግ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው።

ይሄን የምዘበዝበው ዝም ብዬ አይደለም። በነዚህ 50 ዓመታት ውስጥ ንጉሥ በሞተ ቁጥር መልሱ የተለያየ እንደነበር ልብ በሉልኝ። አንዴ ልጅ፣ አንዴ አጎት፣ አንዴ የአጎት ልጅ። ተራው የታወቀ ነገር አልነበረም። ንጉሡ አልጋ ላይ ሲውል እዛ ጅረን ላይ ማታ ማታ ምን ይወራ እንደነበር መገመት አያቅትም፣ የዘመድ ጉባኤ፣ የሚስቶች ጭንቀት፣ የጦር አለቆች ሹክሹክታ፣ የነጋዴው ፍራቻ (ሂርማታ ገበያ ላይ ዕቃ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ነገ ማን ግብር እንደሚቀበለው ማወቅ አለበት አይደል)።

አባ ጎሞልን ደሞ ማንም አያነሳቸውም። እኔ በስማቸው የተጠራ ነገር ከተማው ውስጥ አላየሁም። የልጃቸው ስም ኤርፖርቱ ላይ አለ፣ የኳስ ክለቡ ላይ አለ፣ የሳቸው የለም። የጋሮን መንግሥት ወግተው ወደ ጅማ የቀላቀሉት ግን እሳቸው ናቸው፣ ከጋሮ ትላልቅ ሰዎችን ወደ ጅረን አምጥተው፣ ከጅማ ባለሀብቶችን ወደ ጋሮ ወስደው ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። ማለትም ልጅየው የወረሱት ዙፋን ብቻ አይደለም፣ አባትየው አስፍተው፣ ሰውን ከሰው አደባልቀው የተዉትን ሀገር ነው። ቀጣዩ ሰው 54 ዓመት የቆየው ከሰማይ ወርዶ አይደለም፣ የሞተው ሰው ያዘጋጀለት ነገር ነበር። ተተኪን እያወደሱ ቀዳሚውን መርሳት የኛ ሀገር በሽታ ነው፣ ወይ ደሞ ተቃራኒው፣ ሟችን እያለቀሱለት ተተኪውን ጥላ ማድረግ። መካከለኛ የለንም።

በፈረንጆቹ 1878 ላይ አባ ጎሞል ሲያልፉ ልጃቸው የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ ይባላል። እስኪ አስቡት፣ ከሰሜን በኩል የሸዋው ምኒልክ እየተስፋፉ ነው፣ የጎጃሙ ጦርም ጊቤን ተመኝቷል፣ ጎረቤቶቹ ሊሙና ጎማ ጌራና ጉማ አሉ፣ ደቡብ ላይ ካፋ አለ። በ1874 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1882) እምባቦ ላይ ሸዋና ጎጃም ተዋጉ፣ የሸዋው ጦር በምኒልክና በራስ ጎበና መሪነት አሸነፈ፣ ከዛ በኋላ የጊቤ ጉዳይ የተዘጋ ያህል ነበር። ለጋው ንጉሥ ነግሰው ገና 4 ዓመታቸው ነው። እንግዲህ 20 እና 21 ዓመት የሆነ ወጣት፣ ጦር አለው፣ ፈረስ አለው፣ ዙሪያው «እንዋጋ» የሚል ጎረምሳ ሞልቷል፣ ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን እዋጋ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እዚህ ጋ ነው እናትየው የሚመጡት፣ ሀጂ ያሉት። ንግሥት ጉሚቲ። ከሸዋ ጋር መዋጋቱ ይቅርብህ፣ ግብር ክፈልና ሀገርህን አትርፍ ብለው ልጃቸውን የመከሩት እሳቸው ናቸው እየተባለ ነው ሚነገረው። ልጅየውም ሰሙ። ግብር እየከፈሉ በውስጥ ጉዳያቸው ግን ራሳቸውን እያስተዳደሩ ቀጠሉ፣ ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ሲፈርሱ ጅማ ሳይፈርስ ቆየ። (ሰላሙ በነፃ የተገኘ እንዳይመስላችሁ፣ በ1889 ዓ.ም ካፋ ሲዘመትበት የጅማ ጦርም አብሮ ዘምቷል፣ የቦንጋ ሰዎች ይሄን ታሪክ እኛ በምንነግርበት ፈገግታ አይነግሩትም።) ለማንኛውም አባ ጎሞል ሞተው ልጃቸው እስኪጠና ድረስ ያሉትን ዓመታት ያሻገሩት አንዲት እናት ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ስንት አሳይመንት ውስጥ ስማቸው አለ? ቁመታቸው ይህን ያህል ነው የሚል እኮ ሁሉም ላይ አለ! የሰውዬውን ቁመት ለክተን የሰውዬውን እናት ረሳን።

አሁን ወደ መጨረሻው ልለፍ፣ ይሄኛው ደሞ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሞቶች እዚህ ጅማ ላይ ስለሚገናኙ። መጋቢት 24፣ 1922 ዓ.ም ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። ከሁለት ቀን በፊት የቀድሞ ባላቸው ራስ ጉግሳ ወሌ አንቺም ላይ ጦርነት ገጥመው ሞተዋል። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ነበሩ፣ በ1921 ደሞ ንጉሥ ተብለዋል፣ ስራውን በእጃቸው ይዘውታል፣ ስለዚ ንግሥቲቱ ሲያልፉ የቀረው ዘውዱን መጫን ብቻ ነበር፣ ጥቅምት 23፣ 1923 (በፈረንጆቹ 1930) ጫኑት፣ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ይሄ ሰው ስልጣን ላይ የወጣው ቀዳሚው ሲሞት ነው፣ ግን ሞቱን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፣ ከ14 ዓመት በፊት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ሲጨርስ ነው ሞቱ የመጣለት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጅረን ላይ አዛውንቱ አባ ጅፋር ደከሙ፣ በፈረንጆቹ 1932 አረፉ። ወራሹ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ነበሩ። በድሮው ልማድ ከሆነ አባ ጆቢር ነግሰው፣ ግብሩን ለአዲስ አበባ እየላኩ፣ ጅማን እንደ አያታቸው ይገዙ ነበር። ግን አዲስ አበባ ያለው ሰው ሌላ ሆኗል። ውሉ በምኒልክና በአባ ጅፋር መሀል የተደረገ ነበር፣ አሁን ሁለቱም የሉም፣ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ደሞ ሀገሩን በሙሉ ከማዕከል መግዛት ነው ሚፈልጉት። የጅማ ራስን ማስተዳደር በዛው አከተመ፣ ከአዲስ አበባ ሹም መጣ። አንድም ትልቅ ጦርነት ሳይደረግ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ መንግሥት በአንድ የሐዘን ወቅት ታጠፈ።

ይሄን ሳስበው የሚቆጨኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ የ54 ዓመቱ ሰላም የተመሰረተው በሁለት ሰዎች መተማመን ላይ ነበር። ሰዎቹ ሲሞቱ ውሉን ይዞ የሚቀር ነገር አልነበረም። 1878 ላይ ያሻገረች እናት ነበረች፣ 1932 ላይ ማን ነበር? ይሄ ነው ለልጆቻችን መነገር ያለበት እንጂ ስንት ሚስት ነበራቸው የሚለው አይደለም (እሱንም ንገሩ፣ ከሊሙና ከካፋ ነገሥታት ቤት ማግባታቸው ራሱ ፖለቲካ ነው፣ ግን ለጨዋታ ብቻ አታርጉት)።

«ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ምን ይጠቅማል» የሚሉኝ አሉ፣ ሱቅ ውስጥ ሳወራ። ይጠቅማል። ምኒልክ ታኅሣሥ 3፣ 1906 ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ደበቀ፣ ሀገር በግልጽ ሳያለቅስ ቀረ። ልጅ ኢያሱ የተመረጡ ወራሽ ነበሩ ግን ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17፣ 1909 በመስቀል ቀን ከስልጣን ተሻሩ። የተደበቀ ሞት ላይ የቆመ ስልጣን እግሩ አይጠናም። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፣ የሆነ ነገር ነው።

እሺ እሱም ሩቅ ነው ካላችሁ 2004 ክረምትን ሁላችንም እናስታውሳለን። መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ከታዩ ቆይተዋል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ጅማ ላይ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። አሉ፣ የሉም፣ ታክመው ሊመጡ ነው፣ ኧረ ቆይቷል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ሚያወራው። ነሐሴ 15 ጠዋት በቴሌቪዥን ተነገረ፣ ያለፉት በዋዜማው ነሐሴ 14 ነው ተባለ። እኔጋ በዛ ሳምንት ሰው ከየመስሪያ ቤቱ እየመጣ ፎቶአቸውን ጥቁር ሪባን አስገብተህ በኤፎር አትምልን ይል ነበር፣ የፕሪንተሩ ጥቁር ቀለም አልቆብኝ መርካቶ ሂርማታ ስዞር ነው የዋልኩት፣ ሌላውም ጽሕፈት ቤት አልቆበታል። አንዱ የመንግሥት ሰራተኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፎቶው እስኪወጣ ቆመው «አሁን እንግዲህ ማነው ጠቅላይ ሚኒስትራችን?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። «ምክትሉ ናቸው አይደል» አልኳቸው። «ምክትል መሆንና መሆን ይለያያል» አሉኝ።

በኋላ ሕገ መንግሥቱን አወጣሁና አየሁት (ሱቅ ውስጥ አለ፣ ተማሪዎች ለሲቪክስ ያስኮፒሉ)። አንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶት ይሰራል ነው ሚለው። በማይኖርበት ጊዜ። ለስራ ጉዞ የሄደ ሰውም የለም፣ የሞተ ሰውም የለም። ሲሞት በስንት ቀን ውስጥ ማን ይተካዋል የሚል ቁርጥ ያለ ነገር አላገኘሁበትም። አንቀጽ 73 ደሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ አባላት መሀል ይመረጣል ይላል፣ ምክር ቤቱ ግን ክረምት እረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11፣ 2005 ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ አንድ ወር ያህል ሀገሪቱ በዛች «በማይኖርበት ጊዜ» በምትል ቃል ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ፓርቲው ሊቀመንበሩን መረጠ፣ ከዛ ነው ምክር ቤቱ የተሰበሰበው፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ለነገሩ በሰላም ነው ያለፈው፣ ጥይት አልተተኮሰም፣ ይሄን መካድ አይቻልም፣ በዚህች ሀገር መሪ ሞቶ ያለ ጦርነት ቀጣዩ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ እንዴት እንደነበር እኮ እናውቃለን፣ እሳቸው መንገሻን ወራሼ ብለው ሞቱ፣ ምኒልክ ግን እዛው በዛው ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ፣ በዓመቱ ውስጥ እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ።

ከዛ በኋላ ደሞ የካቲት 8፣ 2010 ኃይለማርያም በቃኝ ብለው በሕይወት እያሉ ለቀቁ፣ መጋቢት 24 ቀን የኛው ዞን የበሻሻ ልጅ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። (ዘውዲቱ ያረፉበት ቀን ነው፣ መጋቢት 24፣ ልብ ያለው ሰው አላየሁም። በዛው ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን በላ፣ ያ ዓመት ለጅማ ልዩ ነበር።) ከዛ በኋላ ያለውን ፖለቲካ እዚህ አላነሳም፣ ደብዳቤዬ ስለሱ አይደለም። እኔ የማነሳው አንድ ነገር ነው፣ ስልጣን የሚለቅ ሰው ሞቶ ሳይሆን ቆሞ ሲለቅ አይተናል ማለት ነው፣ ገዳ ከ200 ዓመት በፊት ያውቀው የነበረውን ነገር እኛ እንደ ተአምር አየነው።

እና ምን አድርጉ ነው ምላችሁ?

ጅረን ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ጎብኚ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ፣ ስልጣኑ እንዴት እንደተላለፈ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። የነገሥታት ስም ዝርዝር ብቻ እንዳይሆን አደራ፣ ዝርዝርማ ስልካችን ላይም አለ። ማን ሲሞት ማን መጣ፣ ልጅ ነው ወንድም ነው፣ ጦርነት ላይ ነው አልጋ ላይ ነው፣ ማን መከረ፣ ማን ከማን ጋር ተስማማ የሚል። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ። ከላይ ገዳን አስቀምጡ፣ ከታች 1932ን። 1932ን አትዝለሉት፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ያማል፣ ደሞ ማንን ቅር ያሰኛል እያለ ይፈራል። የንጉሥን አወጣጥ ተናግሮ የመንግሥትን አወዳደቅ መደበቅ ያው የምኒልክን ሞት መደበቅ ነው።

ንግሥት ጉሚቲ የራሳቸው ቦታ ይሰጣቸው። ክፍል ካለ ክፍል፣ ግድግዳ ካለ ግድግዳ። ጋይዶቹ ከቁመቱ ወሬ በፊት የሳቸውን ይናገሩ። ጎብኚው እኮ ይወደዋል፣ እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ስወጣ የእናትየውን ታሪክ ሳወራላቸው ነው ስልካቸውን አስቀምጠው ያዳመጡኝ።

ሽማግሌዎቹን ቅዱ። ስለ አባ ጆቢር ጊዜ፣ ስለ መጨረሻዎቹ ወራት ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ጅረን ላይም፣ ማና ላይም፣ ሰቃ ላይም አሉ፣ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። በስልክ መቅዳት ይበቃል፣ ካሜራና ባጀት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ተማሪዎች አሉት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋብን እያሉ እኔጋ ቁጭ ብለው ኢንተርኔት የሚያስሱ አሉ፣ ይኸው ርዕስ።

መምህራኖቼ፣ እናንተን ደሞ በትህትና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአሳይመንቱን ጥያቄ ቀይሩልን። «አባ ጅፋር ማን ነበሩ» ስትሉ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ጽፈው መልሱን በአንድ ደቂቃ ኮፒ ያደርጋሉ፣ የባለፈው ዓመት ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ ስላለም ስም ብቻ ቀይርልን የሚሉኝ አሉ። «አባ ጎሞል ሲሞቱ ጅረን ላይ ምን ተደረገ፣ አንተ ብትሆን ምን ትመክር ነበር» ብትሏቸው ግን ኮፒ የሚያደርጉበት ቦታ የለም፣ ተነስተው አያታቸውን መጠየቅ አለባቸው። ገቢዬ ሊቀንስ ይችላል፣ ግድ የለም።

«ይሄ ነገር ፖለቲካ ይሆናል፣ ባይነካ ይሻላል» የሚል መልስ ከወዲሁ ይታየኛል። ይሁን፣ ፖለቲካ ነው። ቤተ መንግሥት የፖለቲካ ቤት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? አንድን ወገን ለማወደስ ወይ ለመውቀስ ሳይሆን የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፍ ማንንም አያጣላም። የሚያጣላው ባዶ ሲተው ነው፣ ምክንያቱም ባዶውን ቲክቶክ ይሞላዋል፣ ቲክቶክ ላይ ደሞ አንዱ ሁሌ ከሃዲ ነው፣ አንዱ ሁሌ ጀግና ነው፣ 17 ዓመት የሆነው ልጅ እናቱን አማክሮ አስቦ የወሰነበት ታሪክ እዛ ቦታ የለውም።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ጽሑፍ ባለሙያዎች ካዘጋጁት በኋላ ለከተማው ሰው ይነበብ፣ ሽማግሌዎች ይስሙት፣ የተሳሳተ ካለ ይታረም። ከክረምቱ በኋላ ትምህርት ሲከፈት ቢደርስ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አሳይመንቶች ጥቅምት ላይ ነው የሚጀምሩት። መልስ ያለው ኃላፊ ካለ በጽሑፍ ይስጠን፣ ኮፒ አድርጌ ሱቁ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ልጅቷም በዛ ነው የምታልፈው።

ከአክብሮት ጋር
ከጅማ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት